ዐሥራ አንዱ ባለ ቀንድ ትሎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2020 በሴፕቴምበር ወር፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ በየቤቱ ዘግቶ ባስቀመጠበት ጊዜ ነው። ዕድሜዬ ሰባውን አልፏል። ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም ብል ብዙም ውሸት አይሆንም። አንድ ሰው እንደ ጠላት አድርጎ የያዘኝ በዚያ ወር ነው፤ ያውም መልካም ሠራሁ ብዬ። ለዚህ ነው ከልቤ የማይወጣው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ፣ ከልጄ ከሰናይት ጋር ነው። ሰናይት ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። እሷ ሺፍት ስትገባ የአራት ዓመት ልጇን ኤልዳናን የምጠብቅ እኔ ነኝ። ቤቱ ኪራይ ነው፤ አራት በር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከየበሩም ፊት ምንጣፍ የምታህል ጠጠር የለበሰች መሬት አለች።

አገር ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩት መተሐራ፣ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ውኃ ሳጠጣ ነው። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም። ተክል ግን አውቃለሁ እል ነበር። አሁን አልልም።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው በር ሚስ አይሪስ የምትባል አሮጊት ብቻዋን ትኖራለች። ሰናይት እንደነገረችኝ፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ካለች ሴንት ሉሲያ ከምትባል ደሴት ነው የመጣችው። እዚያ አስተማሪ ነበረች። እኔ ከዚያ ባሕር የመጣ ሰው የማውቀው ሻሸመኔ ያሉትን ጃማይካዎች ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተያየን ዕለት «ጃማይካ! ሻሸመኔ!» ብዬ አውራ ጣቴን ቀሰርኩላት። ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ።

ከበሯ ፊት፣ ከጠጠሩ መሃል አንድ ተክል ነበራት። ተክል ካሉት ነው። ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው፤ መጥረጊያ ገልብጠው የተከሉት ነው የሚመስለው። ጠዋት ጠዋት ሴትዮዋ እዚያ ሥር ታጎነብሳለች። በአንገቷ ያንጠለጠለችውን ማጉያ መነጽር ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስትገባ ጠብቄ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጭራሮውን ትል ወርሶታል። ትንሿን ጣቴን የሚያህል፣ ነጭና ጥቁር ቀለበት የለበሰ፣ ቢጫም ጣል ጣል ያለበት። የአገራችን አባጨጓሬ ፀጉር አለው፤ ከነካህ ይለበልብሃል። ይሄኛው ፀጉር የለውም፤ ቀንድ ግን አለው። ከፊት ሁለት፣ ከመሃል ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ ጥቁር ጥቁር ቀንድ። ፀጉር ያለው እንደዚያ ካቃጠለ ቀንድ ያለው ምን ሊያደርግ ነው አልኩ። ጭራሮውን በጥፍሬ ጫር ባደርገው ደግሞ ነጭ ወተት አወጣ። የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ የማያውቅ የለም። ኤልዳና ቢስክሌቷን የምትነዳው በዚያው በኩል ነው።

ለእኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ትሉን መንካት ትፈራለች። በየቀኑ መብዛቱን እየጻፈች ትጨነቃለች። የሚያነሳላት ሰው የላትም። በእኛ ደንብ ደግሞ ደካማ ጎረቤት እስክትለምን አይጠበቅም። ከመነሣቷ በፊት ሠርተህላት ትገኛለህ፤ በር ስትከፍት ተጠርጎ ታገኘዋለች፤ ምርቃቱ ያንተ ነው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የወጥ ቤቱን መቀስና ጉጠት ይዤ ወጣሁ። ጭራሮውን ስነካው አንዳንዱ ትል መሬት ወደቀ፤ የወደቀውን በጫማዬ ደፈጠጥኩት። የቀረውን በጉጠት እየለቀምኩ ፌስታል ውስጥ ጨመርኩ። ጭራሮውንም ከሥሩ ቆርጬ በላዩ ከተትኩና ፌስታሉን ቋጥሬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አኖርኩት። ጠጠሩን ሳይቀር ጠረግኩላት። ከዚያ በራችን ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ ምስጋናዬን ስጠብቅ።

ማጉያ መነጽሯንና ደብተሯን ይዛ ወጣች። ቆመች። ጠጠሩን አየች፤ እኔን አየች። ፈገግታዬ እንዲታያት ማስኬን ዝቅ አደረግኩ።

የዚያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ያቺን ታህል አሮጊት እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሰናይት ከእንቅልፏ ተነሥታ በባዶ እግሯ ወጣች።

«አባዬ! ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ትሉን አነሣሁላት።»

«ማን አንሣ አለህ?»

«ማን ይላል? ብቻዋን አይደለች እንዴ!»

ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። መናገር አይባልም፤ አንዷ ትጮሃለች፣ ሌላዋ ሶሪ ሶሪ ትላለች። ከዚያ ሰናይት ወደ እኔ ዞረች።

«አራት ዓመት ነው የምትልህ። ያን ተክል ተክላ ቢራቢሮ መጥታ እንቁላል እስክትጥልበት አራት ዓመት ጠብቃለች። አገሯ እያለች የደሴቷን ቢራቢሮና የእሳት እራት፣ ተክሉንም ሁሉ ከተማሪዎቿ ጋር እየለየች ስትመዘግብ ነው የኖረችው። በየዓመቱም እየሄደች ትቆጥር ነበር። ዘንድሮ በኮሮና መሄድ አልቻለችም። ያላት ይሄ ብቻ ነበር አባዬ።»

«ትል አይደለም እንዴ?»

«ቢራቢሮ ነው! ሲያድግ ቢራቢሮ ነው የሚሆነው!»

ቢራቢሮ አውቃለሁ። አባጨጓሬም አውቃለሁ። አንዱ የሌላው ልጅ መሆኑን ግን በዚህ ዕድሜዬ ያን ቀን ሰማሁ። ሸንኮራ ውስጥ ስንቱን ስደፈጥጥ እንደኖርኩ አሰብኩ።

ሚስ አይሪስ ጣቷን ጠጠሩ ላይ ቀስራ የመጨረሻ ነገር ተናገረችና ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ሁለተኛ እዚህ እግርህን ብታሳርፍ ፖሊስ እጠራለሁ አለች» አለችኝ ሰናይት።

በሦስተኛው ቀን በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ ከቤቶቹ ሥራ አስኪያጅ። ሰናይት ቆማ አነበበችው። የሰው ይዞታ ገብቶ ንብረት ማጥፋት ይላል። አንድ ተጨማሪ ክስ ከመጣ ውላችን አይታደስም።

«ገባህ አባዬ? አንድ ክስ! ኤልዳናን ይዤ የት ልግባ? በዚህ ጊዜ ማን ቤት ያከራየኛል? በዚያ በር አጠገብ እንዳላይህ!»

«እሺ» አልኩ።

ሚስ አይሪስም በሯ ላይ ካሜራ ያለው ደወል አስገጠመች። መንገዱ የጋራ ስለሆነ በፊቷ ሳላልፍ የትም መሄድ አልችልም። ባለፍኩ ቁጥር በሩ ይናገራል። መጀመሪያ የማሽን ድምፅ፣ ከዚያ የራሷ፦ «አይ ሲ ዩ።» እያየሁህ ነው ማለት ነው። እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ አልፋለሁ።

ሰናይት ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። በዚያው በተሰደብኩበት ጠዋት፣ ሁሉም በየቤቱ ሲገባ፣ ፌስታሉን ከቆሻሻው አውጥቼ ፈትቼው ነበር። አራቱ በሕይወት ነበሩ። የቆረጥኩት ጭራሮ ላይ ወጥተው ይበላሉ፤ ምንም እንዳልተደረጉ። የጫማ ካርቶን አመጣሁ። ጭራሮውን ውኃ ባለው ጠርሙስ አቁሜ፣ ላዩን በሽንኩርት መረብ ሸፍኜ፣ ክፍሌ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት።

ሰናይት ወረቀቱ በመጣ ማግስት አገኘችው።

«ጣለው!»

«ልጄ፣ እንደገና ልግደላቸው?»

ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አነሣቻቸው፤ ስልኩ ስማቸውን ነገራት። «ኩዊን ይባላል» አለች። «ንግሥት ማለት ነው። ጎሽ አባዬ፣ አሜሪካ መጥተህ ንግሥት ገደልክ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

ጭራሮው በአራት ቀን አለቀ። ሌላ ነገር ብሰጣቸው አይነኩም፤ ሰላጣም ጎመንም ሞከርኩ። ያን ተክል አንድ ቦታ እንዳየሁት ትዝ አለኝ፤ ከገበያው መኪና ማቆሚያ ዳር፣ ለጌጥ ከተከሉት መሃል። ባርኔጣና ማስክ አድርጌ በዚያ ሙቀት በእግሬ ሄድኩ። በዚህ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ድሮም ይጠረጠራል። ሁለተኛዋን ዘለላ ስቆርጥ ከኋላዬ ጥበቃው ጮኸብኝ። እጁ ቀበቶው ላይ ነው። እኔም ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ በአንዱ መቀስ፣ በአንዱ ጭራሮ። ቀረብ ብሎ አየ። የማይረባ አረም መሆኑን ሲያይ የበለጠ ተናደደ መሰለኝ፤ ሰድቦ «ጌት አውት» አለኝ። ጭራሮዬን ይዤ ወጣሁ። 

አንዱ ሞተ። ሦስቱ ግን ከሳምንት በኋላ መብላት አቁመው ወደ መረቡ ወጡ። እንደ ከዘራ እጀታ ተቆልምመው ዘቅዝቀው ተንጠለጠሉ። በማግስቱ ሳያቸው ትል የለም። በቦታው ሦስት አረንጓዴ ፍሬ የመሰለ ነገር ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን የወርቅ ነጥብ አለው። የወርቅ ነጥብ ስል ለማሳመር አይደለም። ወርቅ ነው የሚመስለው። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ።

የእኔ አለመሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። እዚህ መስኮት ሥር ከተፈለፈሉ ሁለት ጊዜ ሰረቅኳት ማለት ነው። ከወሰድኩላት ደግሞ ቃሌን አፈረስኩ፤ አንዱ ክስ ይመጣል፤ ልጄና የልጅ ልጄ ከቤት ይወጣሉ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሦስተኛው ቀን ሰናይት ኤልዳናን ይዛ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ፣ ካርቶኑን በሁለት እጄ ይዤ ጠጠሩ ላይ ቆምኩ።

በሩ ወዲያው ተናገረ። ከዚያ የሷ ድምፅ መጣ፤ ፖሊስ የሚለውን ቃል ለይቼ ሰማሁ።

እንግሊዝኛ የለኝም። መረቡን ገልጬ ካርቶኑን ከካሜራው ፊት አነሣሁት።

ድምፁ ቆመ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ እንደያዝኩት ቆየሁ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ማስክ አድርጋለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ማጉያ መነጽሯን አንሥታ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሰንሰለቱን ፈትታ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደች።

«ስሪ» አለች። ሦስት።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ዓይኔን እያየች «ኢለቨን» አለችኝ። ዐሥራ አንድ ነበሩ ማለቷ ነው። ቁጥር አውቃለሁ፤ ይህን የሚተረጉምልኝ ሰው አላስፈለገኝም። በሩን ዘጋችው። ምስጋና የለ፣ ይቅርታ የለ።

ማታውን ለሰናይት ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው በሩን ነበር፤ ወረቀት ተለጥፎ እንደሆነ። አንድ ሳምንት ሄደ፣ አንድ ወር ሄደ። ወረቀት አልመጣም። በዓመቱ መጨረሻ ውሉ ታደሰ። ሚስ አይሪስ የመጀመሪያውን ክስ አልሰረዘችም፤ ሁለተኛውን ግን አልጻፈችም።

ይታረቃሉ ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ አልታረቅንም። ካሜራው እኔ ላይ ነው፤ «አይ ሲ ዩ» እንደቀጠለ ነው። እኔም ለካሜራው ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደርሽ» እለዋለሁ፤ መልስ የለም። የቆረጥኩት ጭራሮ ግን የዚህ አገር ብርድ ሲያልፍ ከሥሩ አቆጠቆጠ።

በፈረንጆቹ 2021 በሜይ ወር አካባቢ፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ በበሯ ሳልፍ፣ ያ ድምፅ እንደ ጥይት ጮኸ፦

«ስቶፕ!»

አንድ እግሬ አየር ላይ እንዳለ ቀረሁ። ደግሞ ምን አጠፋሁ አልኩ በልቤ።

«ሌፍት ፉት» አለች በካሜራው። «ዶንት ሙቭ።» ግራ እግርህን አታንቀሳቅስ ማለቷ ነው።

ግድግዳውን በእጄ ይዤ ዝቅ ብዬ አየሁ። የግራ እግሬ ሊያርፍበት ባለው ቦታ ላይ አንድ ባለ ቀንድ፣ ቀለበታም፣ ወፍራም ትል መንገዱን እያቋረጠ ነው። ሊሰቀልበት ወደ ግድግዳው ይሄዳል። አይቸኩልም። እኔም አልቸኮልኩም። የሽማግሌ ጉልበት በአንድ እግር ምን ያህል እንደሚቆም እግዚአብሔር ያውቃል፤ ግን ቆምኩ። ከካሜራው ጀርባ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ትሉ ግድግዳው ሥር ሲደርስ «ኦኬ» አለች። «ጎ።»

ሄድኩ። ከአፏ ያገኘሁት ደግ ቃል ይኸው ነው፤ ደግ ከተባለ።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ቂም የለኝም። እሷ ብትይዝብኝ እውነት አላት። የሰው ጭንቀት ነው ብዬ የነቀልኩት የሰው ተስፋ ነበርና። አሁን ጎረቤት ልረዳ ሳስብ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ በምልክትም ቢሆን። እና እቆጥራለሁ። ሦስቱን በእጄ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ጭራሮ አድገው ሲበሩ በዓይኔ ያየኋቸው አራት ናቸው፤ ብርቱካናማ፣ ነጭ ነጥብ ያለባቸው። ሰናይት ግድግዳው ላይ በሰቀለችው ካላንደር ላይ ጭረት አደርጋለሁ።

አራት ይቀሩኛል።