የገናው በረዶ ጥፋተኛ

የበዓል ዜና የሚጻፈው ከበዓሉ በፊት ነው። ይህን ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ስነግረው ይስቃል፤ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ቅዳሴው ሲነጋ ያልቃል፣ ዜናው ለቀትር ይፈለጋል፣ ኔትወርኩ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ነው። ስለዚህ ዋዜማውን ቁጭ ብሎ «በዓሉ በደማቅ ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት ተከበረ» ብሎ መጻፍ፣ ሲነጋ መላክ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ስቆይ አንድም በዓል ሳይደምቅ ቀርቶብኝ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ገናን እንድዘግብ የተላክሁት ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ አቅጣጫ ወዳለ አንድ የደጋ ደብር ነበር። መኪናው እስከሚሄድበት ሄድሁ፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። የሚያሳድረኝ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ምክሩን ግን ማንም የማይሰማው ወጣት።

መንደሩ ልደርስ ስል ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባና ከመንገዱ ዳር ባለ አውድማ ላይ ተቀመጥሁ። ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱን የያዝሁት በልማድ ነው፤ በኋላ ያስፈልገኛል ብዬ አይደለም። አውድማው ለውቂያ በእበት ተለቅልቆ ተዘጋጅቷል፤ ከጎኑ ያልተወቃ የገብስ ክምር ቆሟል። ዙሪያውን ብመለከት ሌላ ክምር አይታይም። የሌላው ሰው እህል ጎተራ ገብቶ የቀረው ገለባ ብቻ ነው።

የአውድማው ባለቤት ከቤቷ ወጥታ ውሃ ሰጠችኝ። አርባን ያለፈች፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ያ ክምር የእሷና የሦስት ልጆቿ የዓመት ቀለብ ነበር።

«እኅቴ፣ የሰው ሁሉ ገብቶ ያንቺ ለምን ቀረ?» አልኋት።

«በሬ የለኝማ። በሬ የሌለው ተራ ይጠብቃል። ደቦው ለሠላሳ ተይዞልኛል።»

«ቀደም ማለት አይችሉም ነበር?»

«ይቁጠሩታ ጋሼ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ዛሬ አማኑኤል፣ ነገ ገና፣ ጥር አንድ ልደታ። በመሃል ባዶዋ ቀን ሠላሳ ብቻ ናት። እሷንም ያገኘኋት ስንቱን ለምኜ ነው።»

አመስግኜ ተነሣሁ። ባለሙያው ቤት እንደ ገባሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዜናዬን ጻፍሁ። ምእመናኑን ነጭ አለበስኋቸው፤ ካህናቱን አስዘመርኋቸው፤ አየሩንም ፀሐያማ አደረግሁት።

በማግሥቱ ቅዳሴው እንዳለቀ ለመላክ ወጣሁ። በዚያ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለ አለት ላይ ቆሞ ስልክን ከራስ በላይ በማንሣት ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ በሥሬ እያለፈ፣ እኔ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምሁ። ዜናው ሄደ። እኔም ወርጄ ጾም ልፈታ ባለሙያው ለበዓሉ ወዳረደው ፍየል ሥጋ ገባሁ።

አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በታኅሣሥ በዚያ አገር ዝናብ እንኳ እንግዳ ነው። መጀመሪያ የወረደው በረዶ የሽምብራ ያህል ነበር፤ ቀጥሎ የባቄላ ያህል ሆነ። የቆርቆሮው ጩኸት ንግግር ስለከለከለ ሁላችንም ዝም ብለን በላን። ግማሽ ሰዓት ያህል ወርዶ አበቃ ስንል አመዳይ ተከተለው፤ ድምፅ የለውም፣ እንደ ተነፋ ዱቄት እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ከጠየቅኋቸው አረጋውያንም በገና ዕለት ያየ አልተገኘም። ደጅ ወጥቼ ጥልቀቱን በእርሳሴ ለካሁ። እርሳሱ ሙሉ በሙሉ ጠለቀ።

እርሳሴን ፈልጌ ሳወጣ ሴትዮዋን ከሩቅ አየኋት። ሸራ ይዛ ክምሩ ላይ ወጥታለች። ነፋሱ ሸራውን ነጥቆ ገደል ከተተው። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው፤ ለክምር ነጠላ ምኑ ነው። ከባለሙያው ጋር ሮጠን ስንደርስ የክምሩ አናት ነጭ ሆኖ ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ጀምሯል።

ባለሙያው እጁን ነዶው ውስጥ አስገብቶ አወጣና ወደ እኔ ዞር አለ። «ውስጡ ገና ደረቅ ነው። ነገ ውጪው ተነሥቶ ካልተሰጣ ግን ሁሉም ይበቅላል። የበቀለ ገብስ ደግሞ ለጠላ ብቅል ነው፣ ለልጅ እንጀራ አይሆንም። ሃያ ሰው ይፈልጋል ጋሼ።»

«ነገ ደቦ አላት አይደል?»

«እሱን ሽማግሌዎቹ ከወሰኑ በኋላ እናያለን» አለ። ምን እንደሚወስኑ ያኔ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰበ። በዚያ አገር በረዶ ዝም ብሎ አይወርድም። በረዶ የሚወርደው አንድ ሰው በዓል ሲሽር፣ ማለትም በበዓል ቀን ሥራ ሲሠራ ነው። ስለዚህ በረዶ በወረደ ቁጥር የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ሠራ? በዓል የሻረ ሰው ቅጣቱም ይታወቃል። ዓመት ሙሉ ደቦ አይገባለትም።

ሰብሳቢው በወጣትነታቸው ፖሊስ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው የደብሩ ቄስ ተቀምጠዋል። ሰዉ እርስ በርሱ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ሲነጋገር ቆይቶ፣ ለባለሙያውና ለእኔ ሲል ወደ አማርኛ ተመለሰ።

ባለሙያው ቀድሞ ተነሣ። «አባቶች፣ ይህ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም። ከሰሜን፣ ከባሕር በኩል የተነሣ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው።»

«መጣ እንበል» አሉ ሰብሳቢው። «ማን ጠራው?»

ባለሙያው ተቀመጠ።

ከጥግ ሁለት በሬ ያለው አንድ ጎረቤት ተነሣ። «ሰው መክሰስ አልወድም» ብሎ ጀመረና ከሰሰ። «ሴትዮዋ አውድማዋን በአማኑኤል ለቅልቃለች። ትላንት ሳልፍ እበቱ ይሸተኝ ነበር።»

«ሃያ ስድስት ነው የለቀለቅሁት» አለች ሴትዮዋ። ነጠላዋ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። «የሸተተህ ሌላ ይሆናል። አንተ ትላንት ከየት እየመጣህ እንደነበር ሚስትህ ትናገር?»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። «ሃያ ስድስት መሆኑን ማን አየልሽ?»

«እግዜር አይቶልኛል።»

«ከእሱ ሌላ።»

የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች። የዚያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ጥፋተኛ ከተባለች ነገ ማንም አይመጣላትም፤ ከነገ ወዲያ ልደታ ነው፤ ገብሱ ክምር ላይ እንዳለ ይበቅላል። እጄን አነሣሁ።

«ትላንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውድማው ላይ ተቀምጬበት ነበር። ልቅላቂው እርጥብ ቢሆን ሱሪዬን ይበክለው ነበር። ሱሪው ይኸው ነው፤ ሌላ አላመጣሁም።»

«ዙር እስቲ» አሉ ሰብሳቢው።

ዞርሁ። ቄሱ መነጽራቸውን አጠለቁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ምንጬን እንድገልጥ ጠይቆኛል፤ በዚህ መልክ ግን አልነበረም።

«አቧራ አለው» አሉ ቄሱ።

«አቧራ በዓል አይሽርም» አሉ ሰብሳቢው። «እበት የለውም። ልቅላቂው ደርቆ ነበር ማለት ነው። ይህ ይበቃል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፣ «ታዲያ ማነው?»

ከሳሹ አሁንም አልተቀመጠም። «በመድኃኔዓለም ጥጥ ስትፈትል ታይታለች ይባላል» አለ። ሌላው ደግሞ እንጨት ስትሰብር ድምፅ ሰማሁ አለ። ያኔ ሌላም ነገር ገባኝ። በረዶው ባለቤት ይፈልጋል፤ ሌላ እስካልተገኘ ድረስ ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ ይመለሳል። አንድን ሰው ነጻ ማውጣት ብቻ በቂ አልነበረም፤ በቦታው ሌላ መተካት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የሠራውን ሰው አውቀው ነበር።

«በበዓል የሠራሁስ እኔ ነኝ» አልሁ።

ከሳሹ ተቀመጠ። ጀግንነት አልነበረም፤ የሚረጋገጥ እውነት ነው።

«ምን ሠራህ?»

«በአማኑኤል ዜና ጻፍሁ። ዛሬ በገና፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአለቱ ላይ ሆኜ ላክሁት።»

«እኛም እንጽፋለን» አሉ ቄሱ። «መጻፍ ሥራ ነው እንዴ?»

«ደመወዝ ይከፍሉሃል?» አሉ ሰብሳቢው።

«ይከፍሉኛል።»

«ሥራ ነው።»

ከሳሹ ፊቱ በራ። «እኔም አይቼዋለሁ። እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲጣራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መጣ።»

ሰብሳቢው ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ከባሕር ነው አልኸን። ይኸውልህ የጠራው።»

ቄሱ ዜናውን እንዳነብ ጠየቁኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብሁ፤ በደማቅ ሥነ ሥርዓት መከበሩን፣ ነጭ የለበሱትን ምእመናን፣ ፀሐያማውን አየር። ውጭ አመዳዩ ከጣሪያው ጠርዝ እየተናደ ይወድቃል። አንብቤ ስጨርስ ማንም አልሳቀም።

«ይህን የጻፍኸው መቼ ነው?» አሉ ቄሱ።

«ትላንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ትላንት ገና ነበር?»

«አልነበረም፣ አባ።»

«ታዲያ መድመቁን ማን ነገረህ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም አዘጋጅ ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ማስታወሻዬን ከደንሁ።

ጥፋተኛነቴ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። አውድማ ከመለቅለቅ ይከብዳል የሚልም ነበር፤ እሷ ብትለቀልቅ የለቀለቀችው የነበረ አውድማ ነው፣ እኔ ግን ያልነበረ በዓል አክብሬአለሁ። የቸገረው ቅጣቱ ነበር። ከደቦ ይከልከል ቢሉ አገሬ አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ብከለከል አይጎዳኝም። ሰብሳቢው አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩ።

«ለአገሬው ሰው ቅጣቱ ከደቦ መውጣት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለእንግዳ ግን ቅጣቱ መግባት ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ የሴትዮዋ አውድማ ላይ ትገኛለህ። እኛም ሁላችን እንገኛለን፤ ፍርዱ መፈጸሙን ማየት አለብን።»

የዚያን ዕለት በእጄ የነበረው ዜና፣ በገና ዕለት የወረደ አመዳይ፣ በሥራ ዘመኔ ካጋጠመኝ ሁሉ ብርቁ ነበር። መላክ ግን አልቻልሁም። ገና አልመሸም፤ በዓሉም አላለፈም። ተመልሼ አለቱ ላይ ብወጣ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል፤ ምን ሊወርድ እንደሚችልም ማንም አያውቅም።

ሠላሳ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ከሳሹ ነበር፤ ሁለቱን በሬዎቹን እየነዳ።

«በሬዎቹ እበቱ ሸቷቸው ነው የመጡት?» አለችው ሴትዮዋ።

«ከስሼሽ ነበር፣ ነጻ ወጣሽ፣ አለቀ» አለ። «በሬዎቹ ምን አገባቸው።» ወዲያውም ጠመዳቸው።

ሰዉ ከሃያ በላይ ሆነ። ለእኔ የተሰጠኝ ችሎታ የማይጠይቀው ሥራ ነው፤ በረዶውን በላይዳ እየዛቅሁ ከአውድማው አስወጣሁ፣ ቀጥሎም እርጥቡን ነዶ ተሸክሜ አለት ላይ አሰጣሁ። ኔትወርክ የሚገኝበትም አለት ገብስ ለበሰ። ደረቁ ነዶ አውድማ ላይ ወርዶ በበሬ ተበራየ። ጠላ መጣ፤ የደቦ ዘፈን ተጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ሲታዘቡ ቆይተው ሰልችቷቸው ራሳቸው ነዶ ሊያገላብጡ መንሽ አነሡ።

ቀትር ላይ አንድ ሰው ሬዲዮውን ከፈተ። ከየአካባቢው የመጡት የበዓል ዜናዎች በድጋሚ ተራ በተራ ይነበባሉ፤ የእኔም ደረሰ። «በደማቅ ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት ተከብሮ ውሏል» አለች አንባቢዋ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ሰብሳቢው ዙሪያውን ቃኙ፤ ዘፋኙን፣ በሬዎቹን፣ ጠላውን፣ ገለባ የለበሰውን ከሳሽ።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የሳትኸው» አሉኝ።

በልደታ ማንም አልሠራም። እርጥቡ ነዶ አለቱ ላይ እንደ ተሰጣ ዋለ። ፀሐይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስትሠራ ዋለች፤ ማንም አልከሰሳትም።

ጥር ሁለት ጠዋት በነዶዎቹ መካከል ቦታ ፈልጌ አለቱ ላይ ቆምሁና ለዝግጅት ክፍሉ ደወልሁ። በገና ዕለት በረዶና አመዳይ እንደ ወረደ ተናገርሁ። ፎቶ አለ ወይ አሉኝ። ስልኬን አለመንካቴን፣ ምክንያቱንም ነገርኋቸው። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ወረቀት አገላበጠ። «በዓሉ ግን ደምቋል አይደል?» አለ። ደምቋል አልሁት። «እንግዲያው እሱ ይበቃል።»

ስወርድ ከአለቱ የተነሣው ነዶ አውድማ ላይ እየተበራየ ነበር። ልሰናበት ጠጋ አልሁ። ሴትዮዋ ከሥሩ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና፣ በመዳፏ አሽታ፣ እፍ ብላ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረች። ቀጭ አለ። ሌላ ጨመረች፤ ያም ቀጭ አለ። ከዚያ መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ደረቀ ብለው ይጻፉ ጋሼ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግን ይንከሱት።»

ነከስሁት። ደርቋል።