ፊሽካ ሲነፋ

ቡድናችንን የመሠረቱት አባቶቻችን ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጫማ የሚሰፉ፣ እንጨት የሚጠርቡ፣ እሁድ ከልደታ ሲመለሱ ነጠላቸውን ጥግ ላይ ቆልለው ኳስ የሚራገጡ ሰዎች። ያወረሱን አረንጓዴ ማልያና ከሰፈሩ በታች ያለችውን ወጣ ገባ ሜዳ ነው። ደርግ ሲመጣ ቡድኑ በቀበሌው ስም እንዲጠራ፣ ማልያውም ቀይ እንዲሆን ተወሰነ። አዲስ ጨርቅ ከየት ይምጣ? አረንጓዴውን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከርነው፤ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ተቀናቃኞቻችን የጎረቤት ሰፈሮቹ ሰንጋ ተራዎች «ሽሮዎቹ መጡ!» እያሉ ያበሽቁን ጀመር። እስከ ዛሬ ሽሮ ሲቀርብልኝ ትንሽ እናደዳለሁ።

አሰልጣኛችን በሥራቸው ጎማ የሚለጥፉ ጎሚስታ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቡድኑ አንዴ ከፊሽካ በኋላ በተነሳ ጠብ ታግዶ ስለነበር ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «ፊሽካ ሲነፋ እግርህን ተክለህ ቁም። ክርክር የለም።» ከፊሽካ በኋላ አንድ እርምጃ የተራመደ ሜዳውን እስኪያዞረው ይዞራል። በዚህ ምክንያት ሌሎች ቡድኖች ከዳኛ ጋር ሲተናነቁ እኛ ባለንበት ደርቀን እንቀራለን። ይሳቅብን ነበር። እኛ ግን እንኮራበት ነበር።

በመጨረሻዎቹ የደርግ ዓመታት አፈሳው ባሰ። ወጣት ከመንገድ፣ ከጠላ ቤት፣ ከአልጋው ሳይቀር እየተለቀመ ወደ ጦር ግንባር ይጫናል። ከቡድናችንም ብዙዎቹ ሄደው የቀረነው ለአንድ ጨዋታ የምንበቃ ብቻ ነበርን፤ አንድ ሰው ቢጎድል የአባቶቻችን ቡድን አበቃለት። እንደዚያም ሆኖ ቀበሌው ለዋንጫ ተሰለፉ አለን። ብንወጣ እንታያለን፤ ብንቀር ደግሞ አድኃሪ እንባላለን፣ ቤታችን ድረስ ይመጡብናል። እናቴ «ታመመ በል» አለችኝ። የታመመ በረኛችንን ከአልጋው ያነሱት ባለፈው ወር መሆኑን ግን እሷም ታውቃለች። ፈራሁ፤ ማልያዬን ለብሼ ወጣሁ።

ጨዋታው እንደተጋጋለ የመታሁት ኳስ አጥር ዘሎ እትዬ ግቢ ገባ። እትዬ ኳስ በቢላ ዘልዝለው የሚመልሱ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራቸው ሴትዮ ናቸው። የሜዳችን ደንብ ደግሞ ያወጣ ያመጣል ነው። አጥሩን ዘልዬ ስወርድ ቢላቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ ማርያም፣ የመጨረሻ ነው...» ብዬ ሳልጨርስ ፊሽካ ተነፋ።

ቆምኩ። ከሜዳ ውጭ፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ኳስ እንኳን ሳልይዝ ደርቄ ቆምኩ። ፊሽካው ግን የዳኛው አልነበረም፤ ረዘመ፣ ሌላ ፊሽካ መለሰለት፣ ከዚያ የወታደር ኦራል መኪና ድምፅና ጩኸት ተከተለ።

«ምን ትገተራለህ አንተ? ግባ!» እትዬ በአንገትጌዬ ጎትተው ማገዶ ቤት ወረወሩኝና ከውጭ ቀረቀሩብኝ።

በቆርቆሮው ቀዳዳ ሜዳው ይታያል። ተመልካቹ በየአጥሩ እየዘለለ ይበተናል። ተጋጣሚዎቻችን ሰንጋ ተራዎች ሮጠዋል። ቡኒዎቹ ማልያዎች ግን እያንዳንዳቸው ባሉበት ቆመዋል። ጋሼ ከመስመሩ ዳር «ሩጡ! የእኔ ልጆች፣ ሩጡ! ይሄ የእኛ ፊሽካ አይደለም!» እያሉ ጮኹ። ስንት ዓመት ያስለመዱንን በአንድ ጩኸት ሊያስረሱን አልቻሉም። ጓደኞቼ ነቅተው መሮጥ ሲጀምሩ ወታደሮቹ ደርሰውባቸው ነበር። በሩን ገፋሁት፤ አልተከፈተም። ብጮህ እኔንም እትዬንም ይደርሱብናል ብዬ አፌን ያዝኩ። ኦራሉ ሲሄድ እንጨቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሲመሽ እትዬ ከፈቱልኝ። ኳሷን በነጠላቸው ጠርገው ሰጡኝ፤ አልቀደዷትም። ከማን ጋር እንደምጫወትባት ግን እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ለወራት ከእናቴ ጓዳ ወደ ማገዶ ቤቱ፣ ከማገዶ ቤቱ ወደ ጓዳ ስል ኖርኩ። ጋሼ ሞተው በመስኮት ነው የሸኘኋቸው። ከተጫኑት የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዱ በክራንች።

አሁን ሜዳው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እኔም አንዱ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የመኪና ጠባቂው ፊሽካ ሲነፋ ደረጃ ላይ ደርቄ እቀራለሁ፤ ጎረቤቶች እግሩን ያመዋል ይላሉ። በቅርቡ የግቢው ልጆች የድሮውን ቡድን እንመልስ፣ አንተ አሰልጥነን ብለው መጡ። አረንጓዴ ማልያ አሰፍተዋል፤ ለእኔም አዲስ ፊሽካ ይዘውልኝ ነበር። ማልያውን አገላብጬ አየሁት፤ ፊሽካውን መለስኩላቸው። በጭብጨባ አሠራችኋለሁ አልኩ። ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ ፊሽካ ከሌለ መቆሚያችንን በምን እናውቃለን?» አለች አንዷ አጥቂ።

«አትቁሙ» አልኳት።