የቡሬው የመጨረሻ በርሜል

ያ ጣዕም ከዳጉሳው ነበር፣ ከእንጨቱ ነበር ወይስ በጨለማ ከተቀመጠባቸው ዓመታት? ዛሬም መልስ የለኝም። ዕድሜዬን አረቄ ስቀምስ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ።

ፍኖተ ሰላም መጠጥ ማከፋፈያ የተቀጠርሁት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት፣ በሠላሳ ዓመቴ ከጨረስሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን አቶ ሙሉነህ ረጅም ብርጭቆ፣ ቴርሞሜትር፣ አረቄው ላይ የሚንሳፈፍ የአልኮል መለኪያና አንድ ባዶ ጣሳ ሰጡኝ።

«ጣሳው ለምንድን ነው?» አልሁ።

«መትፊያሽ ነዋ! የምትውጪ ከሆነማ እስከ ምሳ አትቆሚም» አሉ።

አሠራሩ መጀመሪያ መልኩን ማየት፣ ቀጥሎ ኃይሉን መለካት፣ በመጨረሻ ቀምሶ መትፋት ነበር። ቅጹ ላይ ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፤ «ለመጠጥ» ወይም «ለማጽጃ»። ለማጽጃ የተባለው ወዲያው ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበትና ወደ ክሊኒኮች ይላካል። አረቄ የሚያወጡ ሁሉ ፊርማዬን ይፈሩት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በጾም ቀልድ አላውቅም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አፌ አይገባም፤ ብተፋውም እንኳ። አቶ ሙሉነህ ይህን ስለሚያውቁ የጾም ቀን ቅምሻ ከዘጠኝ በኋላ እንዲሆን ፈቅደውልኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ጧት የጭነት መኪና ከቡሬ መጣ። የያዘው ተወርሶ ከተዘጋ አንድ ትንሽ አረቄ ፋብሪካ የቀረውን የመጨረሻ ንብረት ነው፤ አፉ በሰም የተደፈነ የዋንዛ በርሜል። የፋብሪካው አረቄ አውጪ የነበሩት አያ ይርጋ አብረው መጡ፤ ቀጭን የአዊ ሰው ናቸው። ብርድ ነበር፤ ጋቢያቸውን ለበርሜሉ አልብሰውታል።

«የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና በተነሣች ሰሞን ነው የደፈንሁት» አሉኝ። «አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት። እኔም ገና አልቀመስሁት።»

ሰሙን ፍቄ በጎማ ቱቦ ወደ ረጅሙ ብርጭቆ ቀዳሁ። መልኩ እንደ ጥቁር ማር ነው፤ ቅጹ «ነጭ፣ ጥርት ያለ» ይላል። ኃይሉን ለካሁ፤ ከሚፈለገው በአራት ዲግሪ አነሰ።

«እንጨት ውስጥ ሲከርም እንዲያ ነው፤ መልኩ ይቀላል፣ ኃይሉም ይበርዳል። ቅመሽው፣ እታለም። ሌላ አልለምንሽም።»

«ጾም ነው፣ አያ ይርጋ። ከዘጠኝ በፊት አልችልም።»

ሾፌሩ ከመኪናው ላይ ሳቀ። «እመምኔቷ! ለመጠጥ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ልውሰደው፤ ካልሆነ አውርዱልኝ። ጸሎትሽን እስክትጨርሺ አልቆምም።»

ከሦስቱ መመዘኛ ሁለቱ ወድቀዋል፤ ቅምሻው ምን ይለውጣል ብዬ «ለማጽጃ» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምሁ።

«አልቀመስሽውም እኮ» አሉ አያ ይርጋ። ቀለሙ ሲጨመር አላዩም። ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ናሙና አነሣሁ። አረቄ አፍ ሲገባ ይለበልባል፤ ይህ አልለበለበም። መጀመሪያ የተቆላ ዳጉሳ መጣ። እሱ ሲሄድ ሰም፣ ከዚያ ዝናብ የመታው ሳንቃ። አለቀ ስል ከምላሴ ሥር ሞቅ ብሎ ተመለሰና ቆየ። ልጽፈው ደብተሬን ገለጥሁ። በሥራዬ የማውቃቸው ቃላት «ለስላሳ»፣ «ኮምጣጣ»፣ «ጭስ ጭስ የሚል» ነበሩ፤ አንዱም አልደረሰበትም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ሳላውቀው ነጠላዬን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። ሦስት ጉንጭ ነበር፤ ሦስቱንም ዋጥሁ።

በርሜሉ ውስጥ የቀረው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል።

ለአቶ ሙሉነህም ለማንም አልተናገርሁም። ሥራዬ መቅመስ ነበር፤ ሳልቀምስ ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልቀምስ የሞላሁት ቅጽ የለም፤ ሾፌር ቢሰድበኝም ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይቆማል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ቡሬ ገበያ አያ ይርጋን ጌሾ ሲሸጡ አገኘኋቸው። አወቁኝ። ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ ተናገርሁ።

«ማጽጃ አልነበረም፣ አያ ይርጋ። በርሜሉ ላይ ቀለሙ ከተጨመረ በኋላ፣ ብርጭቆው ውስጥ የቀረችውን ቀመስሁ። እንደዚያ ያለ ቀምሼ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የያዙትን የጌሾ እስር አስቀመጡ። እስኪሰድቡኝ ጠበቅሁ።

«እንግዲያ የቀመስሽው አንቺ ብቻ ነሻ» አሉ።

«እኔ ብቻ።»

ጆንያውን ገፋ አድርገው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ተቀመጪ። ምን ምን ይል እንደነበር ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አትቸኩይ።»

ገበያው እስኪበተን ነገርኋቸው።