የተቋረጠው ቀይ ክር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ ጭራሽ የምረሳ ሰው አይደለሁም፤ ሚስቴ «አንተ ቂምህን እንደ ቆጮ ቀብረህ ነው የምታቆየው» ትለኛለች።

ሸማኔ ነኝ፤ አባቴም ሸማኔ ነበር። ሶዶ ውስጥ የባህል ልብሳችንን ዱንጉዛን የሚሸምን ብዙ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ የመላው የወላይታ ሕዝብ ነው፣ እሱን የኔ ነው አልልም። ጥለቱ ግን የኔ ነበር። ለልጄ ሠርግ ብዬ ስሠራ ስፈታ ከርሜ ያወጣሁት ነው። ልጄ ፎቶ አንስታ በስልኳ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ሰው ወደደው፤ እኔም ሞኙ ደስ አለኝ።

ለዘመን መለወጫችን ለግፋታ በዓል ከተማው ያንን ጥለት ለብሶ ወጣ። የተሸመነ እንዳይመስልህ፤ ፋብሪካ ያተመው ስስ ጨርቅ ነው፣ ስትገለብጠው ጀርባው ነጭ። ያሳተመው እኔ በማመልክበት ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁ ድረስ ሄድኩበት።

«ወንድሜ፣ ስልክ ላይ የወጣ ነገር እኮ የሁሉም ነው» አለኝ፣ ወንበር እየሳበልኝ።

የሁሉም ከሆነ ብዬ እኔም ገጽ አስከፈትኩና የራሴን ሸማ ለጠፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ገጹ ተዘጋ። የመጣውን መልእክት ልጄ አነበበችልኝ፤ የሌላ ሰው ንድፍ ሰርቀዋል ይላል። የከሰሰኝ እሱው ነው። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ እንላክበት ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እኔ የፈለግኩት ይቅርታ አይደለም፤ ሰው ፊት እንዲዋረድልኝ ነው።

እኛ ሸማኔዎች ዘንድ ክር ሲበጠስ እዚያው ይቀጠላል። ያልተቀጠለ ክር ያለበትን ሸማ ገበያ ማውጣት ነውር ነው፤ አባቴ ቢያይ መወርወሪያውን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። እኔ ግን አዲስ ጥለት አወጣሁና በቢጫው መሃል የሚሄደውን ቀይ መስመር ሆን ብዬ አንድ ጣት ያህል አቋረጥኩት። ልጄ ስሜን ሳትጠቅስ ፎቶውን ለቀቀችው። ፋብሪካ ያየውን ነው የሚያትመው። ያንን ነውር እንዳለ ካተመ፣ ሌብነቱን በየሰዉ ትከሻ ላይ አሰጣው ማለት ነው።

አላሳፈረኝም፤ ሰረቀ። ጨርቅ ይሽጥ እንጂ ሽመና የት ያውቅና! በገበያ ቀን ቦዲቲ ወርጄ ሳይ፣ ያ የተቋረጠ ቀይ በየጣቃው ላይ አንድ ቦታ ቁጭ ብሏል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አረካ ያሉት የሙያ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አሁን ደግሞ ከተማው ይስቅበታል ብዬ ጠበቅሁ።

ከተማው አልሳቀም። ገዛ እንጂ። ያቺ ቀዩ የተቋረጠባት ቦታ ታምራለች ተባለ፤ «ቁራጯ» አሏት፤ ሴቶቹ በትከሻቸው ላይ እንድትታይ አድርገው ያጣፏት ጀመር።

በቅርቡ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። ያንን አዲሱን ጥለት በእጅ የተሸመነ ትፈልጋለች። ተመስገን፣ ሰው ዋናውን ፍለጋ መጣ አልኩ። ያለኝን ሙያ ሁሉ አውጥቼ ሠራሁላት፤ ለሙሽራ ነውር አላለብስም ብዬ ቀዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላቋርጥ። ልትወስድ ስትመጣ ስልኳን አወጣችና የነጋዴውን ፎቶ ከሸማዬ አጠገብ አድርጋ ስታስተያይ ቆየች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ኮፒ ነው ይሉኛል። ዋናው ላይ ቁራጯ አለች።»

እናትየው አንገቷን ደፋች። ያቺን ቁራጭ የፈጠርኳት እኔ ነኝ ብላት ማን ያምነኛል? ገጼ ተዘግቷል፣ ልጄ በለቀቀችው ላይ ስሜ የለም፣ ሰው የሚያውቀው ፎቶ በሱ ስም ነው። የሠርጉ ቀን ደግሞ ደርሷል።

ተቀምጬ ሌላ ጀመርኩላት። ቀዩ ጋ ስደርስ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት፣ የነጋዴውን አንገት እያሰብኩ።