ድርቤ አሽትታ የሸጠችው ጀሪካን

ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ጀሪካን የፈለገ ሰው ድርቤን አጣኋት ማለት አይችልም፤ እሱ ባያገኛት እሷ ታገኘዋለች። በከኒሳ ቀሴ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤቷ በማለዳ ወጥታ፣ ሰማያዊውን ከነጩ፣ ሃያ ሊትሩን ከአምስቱ ለይታ ትደረድራለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ለሚያልፍ ሰው እግዜር ይድረስለት። «አኬም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ ትለዋለች። «ነጋ»፣ ደህና፣ ብሎ እስኪመልስ ድረስ ጀሪካኑ እጁ ውስጥ ገብቷል።

ጀሪካኖቿ አዲስ አይደሉም። አብዛኞቹ የሚመጡት ከበቆሎ እርሻ ነው። ገበሬው የአረም መድኃኒቱን ረጭቶ ሲጨርስ ባዶውን ይሸጥላታል፤ እሷ ደግሞ በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሎሚ፣ በበረኪና ፈትጋ ፈትጋ ታበራዋለች። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከነራስ ቅሉ ሥዕል በፍል ውሃ ፍቃ ታነሳለች። የራስ ቅሉን «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። ለምን ታነሺዋለሽ ያላት ሰው መልሱን ያገኛል፤ መድኃኒቱ ካለቀ የሰውየውም ሥራ አልቋል። እንዲህ ያለች ወገኛ ናት።

አፍንጫዋ ደግሞ ብቻውን አንድ ታሪክ ነው። የጀሪካኑን ክዳን ከፍታ አፍንጫዋን ትከተዋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ገዢው ራሷን ሳተች ወይ ብሎ እስኪሰጋ ድረስ ትስባለች። ከዚያ «ንጹህ» ትላለች። እሷ ንጹህ ያለችውን መልሶ ያመጣ ሰው የለም። ባሏ ዋቅወያ እንኳ ዘመድ ቤት አንድ ጣሳ ጠላ ከቀመሰ የኮክ ቅጠል አኝኮ ነው የሚገባው። እሷ ጠላውንም ቅጠሉንም፣ የማን ቤት ጠላ እንደሆነም ጭምር ለይታ ትነግረዋለች። ምስኪን ሰው፣ ትቶት ቢገላገል ይሻለው ነበር።

እንዲህ ሆና የምትኖረው ድርቤ ግን አንድ ነገር አንጀቷን ይበላታል። አንዲቷ ልጇ ኬኔ፣ ጉቴ ከተማ ላለ ሚናስ ለሚባል አስተማሪ ከተዳረች ሦስት ዓመት ሞላት። ልጅ የለም። የወር አበባዋም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። የባሏ እናት እትዬ ጸሐይወርቅ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ዘር ናቸው፤ ክፉ ሴት አይደሉም፣ የልጅ ልጅ ናፍቋቸው ነው እንጂ። ሰሞኑን ግን «ነገሩን ሽማግሌ ይየው» ማለት ጀምረዋል። ሽማግሌ ካየው ኬኔ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት እንደምትመለስ ድርቤ ሳይነግሯት ገብቷታል።

አንድ ቀን ጠዋት ገላና የምትባል አዋላጅ ነርስ ጀሪካን ልትገዛ መጣች። ድርቤ እንደ ልማዷ ከፈተች፣ ጨፈነች፣ ሳበች።

«ንጹህ» አለች።

ገላና ግን ጀሪካኑን ገልብጣ ቂጡን ታይ ጀመር። ያ ሰውዬ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም ኖሮ ግማሽ ጥርሱን አግጦ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ ይሄ የምን ነበር?»

«የአረም መድኃኒት። አልቋል።»

«ያለቀው ሽታው ነው። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይመጠዋል፤ በአሸዋ ቢፈትጉትም አይወጣም። ጭራሽ የማይሸትም አለ።»

ድርቤ ተናደደች። አፍንጫዋን የነካ ሰው ጌታን ያልፈራ ነው። «እሺ፣ የማይሸት ነገር ምን ያደርጋል?» አለቻት።

ገላና አንዱን ጀሪካን ደፍታ ተቀመጠችበት። «ሰውነታችን ውስጥ መልእክተኞች አሉ፣ ሆርሞን ይባላሉ። ማህፀንን ‹ጊዜሽ ደርሷል፣ ተዘጋጂ› የሚሏት እነሱ ናቸው። አንዳንድ ኬሚካል እነሱን መስሎ ይገባል። ማንም ያልላከውን መልእክት ያደርሳል፣ የተላከውንም መንገድ ላይ ያስቀራል። ያን ጊዜ የወር አበባ ሊዛባ ይችላል፣ ጽንስም ሊዘገይ ይችላል።»

ድርቤ ወዲያው ገባት። አምና አንድ ሰው ቤቷ ሄዶ «ድርቤ ልካኝ ነው» ብሎ ሦስት የታጠበ ጀሪካን ከዋቅወያ ተቀብሎ ጠፍቷል። ዋቅወያም አመስግኖ ነው የሸኘው።

«ሌባ ነው በይኛ» አለች።

«እንደዚያ ይበሉት።»

ድርቤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ከተዳረች ሦስት ዓመቷ፣ ልጅ የለም።»

«የጎረቤትዎ ልጅ የወር አበባዋ እንዴት ነው?»

«በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል፤ እሱም እንደ እንግዳ።»

«በእንዲህ ያለ ጀሪካን ውሃ ትጠጣለች?»

«ስምንት አላት። ምርጥ ምርጡን።»

«ማን ሰጣት?»

ያቺ ምላሷ የማታርፍ ሴት የደረደረቻቸውን ጀሪካኖች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። ለኬኔ ጎጆ መውጫ ስምንቱንም ራሷ መርጣ፣ ራሷ አሽትታ፣ ራሷ ሚኒባስ ላይ ጭና ነበር የላከችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ገላናም ስለ ጎረቤትየዋ መጠየቋን ተወች። «እማማ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ልምልልዎት አልችልም፤ ሌላም ብዙ ሊኖር ይችላል። ከባሏ ጋር ትምጣ፣ ሁለቱም ይመርመሩ። ጀሪካኖቹን ግን ዛሬውኑ ከቤቱ ያውጡ።»

ድርቤ ዕቃዋን ሳትሰበስብ ሚኒባስ ተሳፈረች። ጉቴ ስትደርስ እትዬ ጸሐይወርቅን ደጃፉ ላይ አገኘቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ሦስት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ አንቱ ይባባላሉ፤ ያን ዕለት የተጣሉትም በአንቱታ ነው።

«ጀሪካኖቹን ልወስድ መጥቻለሁ» አለች ድርቤ።

«የሰርግ ስጦታ መልሰው ይወስዳሉ? በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«በእኛም የለም። እወስዳለሁ።»

ገባች። የውሃውን ደፋች፣ የዘይቱን አወጣች፣ ሰባቱን ደጅ ወረወረች። ስምንተኛዋን ልታነሳ ስትል እትዬ ጸሐይወርቅ ፊቷ ተገተሩ።

«ይቺን አይነኳትም። ጠበል ነው ያለባት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጸሐይወርቅ ምራታቸው እንድትወልድ ብለው ከደብሩ ጠበል እያስመጡ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ አንድ ብርጭቆ ያጠጧታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደሉም። ዕቃውንም ከስምንቱ ሁሉ ያማረውን ነው የመረጡለት።

ድርቤ ይሄን ስትሰማ የጀሪካኑን እጀታ ጨበጠች። አልለቀቀችም። «ጠበሉን ማን ነካው፤ ቅዱስ ነው። ጀሪካኑ ግን የኔ ነው።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። አሸታተታቸው ቁርጥ ድርቤን ነው፤ ዓይን ጭፈናውም አልቀረ። «ምን ይሸታል? ምንም። የማይሸት ንጹህ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ።»

«እና?»

«ተሳስቻለሁ።»

ይቺን አንዲት ቃል ማውጣት ድርቤን ምን ያህል እንዳቃጠላት ዋቅወያ ቢያይ ኖሮ ያለቅስላት ነበር። ነርሷ ያለቻትን አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ መማል እንደማይቻልም ጭምር። እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቁጭ አሉ።

«በገዛ እጄ ነው ያጠጣኋት» አሉ።

«ጀሪካኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ሰጥተው ሄዱ። በየማለዳው የቀዳሁላት እኔ ነኝ።»

«መርዙን ሰው ቤት ያስገባው ነው ጥፋተኛው እንጂ የቀዳው አይደለም።»

«ድርቤ፣ ጥፋቴን አይንጠቁኝ።»

ቅድም በጀሪካኑ የተጣሉት ሴቶች አሁን በጥፋቱ ሊናነቁ ሆነ። እትዬ ጸሐይወርቅ ግን ቆራጥ ናቸው፤ ከዚያው ተነስተው ጠበሉን እግር የማይረግጠው ጥግ አፈሰሱ፣ ጀሪካኑን አውጥተው ከሰባቱ ጋር ጣሉት። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሚናስም ይሄዳል፣ እሱም ይመረመራል። ልጅ ቢመጣ እሰየው፣ ባይመጣም ይሄ ቤቷ ነው። ሽማግሌ የሚባል ነገር በዚህ ቤት ከእንግዲህ እንዳልሰማ» አሉ፣ ሽማግሌውን ያነሳው ሌላ ሰው ይመስል።

ኬኔ ይሄ ሁሉ ሲሆን በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ድርቤ ሮጣ ሄደች።

«አሁን ምን ያስለቅስሻል? አንቺ ምንም አላጠፋሽም እኮ።»

«አለማጥፋቴ ነው ያስለቀሰኝ፣ አዮ፣ እናቴ» አለች ኬኔ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከገዛ ሆዴ ጋር ተኳርፌ ነው የኖርኩት።»

ድርቤ ልጇን አቀፈቻት።