በአይናለም ስም የወሰድኩት ብድር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ባሌን መሳደቤን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር። መቀመጥ አቅቶኛል፤ ሰሞኑን ቤቱን ጠርጌ እጨርስና መልሼ እጠርጋለሁ።

አይናለም አበልጄ ናት፤ የልጇ የክርስትና እናት እኔ ነኝ። እሷ ቃሊቲ ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ እኔ አቃቂ በሰቃ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ከዓመታት በፊት ሥራዬን ላስፋፋ ብዬ ብድር ፈለግሁ። አበዳሪዎቹ ለአንድ ሰው አይሰጡም ነበር፤ አምስት ሆነን ተደራጅተን፣ አንዳችን ለሌላችን ዋስ ሆነን መቅረብ ነበረብን። አራት ሴቶች ተገኘን፤ ሰብሳቢዋ እኔ ሆንኩ። አምስተኛዋን የመፈረሚያው ሰሞን ባሏ ከለከላት።

የአይናለም የመታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ እኔ ጋ ነበር። እሷ ከሥራ መውጣት ስለማይመቻት፣ የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ እንድከታተልላት ከዚያ በፊት የሰጠችኝ ነው። ያንን አስገባሁ። ታናሽ እህቴን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አስከናንቤ «አይናለም ነኝ በይ» አልኳት፤ ፈረመች። ለስም ማሟያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በየሰፈሩ ሰው እንዲህ ያደርግ የለ? የእሷን ድርሻም እኔ ወሰድኩ።

ከዚያ በርበሬ ተወደደ፣ ቡድኑም ተበተነ ልላችሁ እችላለሁ። እውነት ነው። ግን በእኔ ስም ያለውን ተሯሩጬ ዘግቼዋለሁ። የእሷን የተውኩት ስለቸገረኝ ብቻ አይደለም፤ ስሙ የእኔ ስላልሆነ ነው። አበዳሪዎቹ ሊጠይቁ ሲመጡ «አገሯ ገብታለች፣ አድራሻዋንም አላውቅ» አልኳቸው። አይናለም በዚያው ቀን ማታ ቤቴ እራት በልታለች።

አይናለም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ባለፈው ዓመት አከራይዋ ቤቱን ሊሸጡት ፈልገው «ቅድሚያ ለአንቺ ነው» አሏት። ባንክ ሄደች። በስምሽ ያልተከፈለ ብድር አለ ብለው መለሷት። ብድር የማውቀው እኔ ነኝና ወደ እኔ መጣች።

«እኔ ከሰው ጨው እንኳ ተበድሬ የማላውቅ!» አለች እያለቀሰች። «በስምሽ የተወሰደውን ሁሉ የሚያሳይ የብድር ታሪክ ወረቀት አለ፣ ጠይቂና ራስሽ ተመልከቺ ብለውኛል። ልጠይቅ እንዴ፣ አበልጅ?»

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። «ተይው፣ የስም መመሳሰል ነው። ምልልሱ ራሱ ይገልሻል» አልኳት። ከመጀመሪያው ጥፋቴ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። አመነችኝ። ያቺ ተበዳሪ ሌላ ሰው ናት የሚል ደብዳቤ ለማጻፍ ወረዳ ስትመላለስ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። አሁን የፋብሪካው ሰርቪስ የማይደርስበት ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። የክርስትና ልጄ በጨለማ ተነስታ ታክሲ እየቀያየረች ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ብድሩን በኋላ ከፍዬዋለሁ። ምን ዋጋ አለው? ቤቱን አልመለሰላትም።

ሰው ስኳሩንና ግፊቱን ይለካል፤ ስሙ የት የት እንደተጻፈ ግን ማን ይጠይቃል? ተበድሬ አላውቅም የሚል ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። እኔ የተማመንኩት በዚህ ነው። የቤቱ ጉዳይ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሄዳ ጠይቃ ቢሆን፣ የቡድኑ ሰብሳቢ ማን እንደሆነች ታይ ነበር፤ ትይዘኝ ነበር። እናንተም ሄዳችሁ ጠይቁ። በየጊዜው ጠይቁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ከማታስቡት ቦታ ነው የሚገኘው።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ነገ ፈቃድ ውሰጂ፣ የብድር ታሪክሽን አብረን እንጠይቃለን አልኳት።

«አሁን ምን ያደርግልኛል? ቤቱ እንደሆነ ሄዷል» አለች። የግድ ነው ብዬ ስይዛት ሳቀች። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን። ከአንቺ ሌላ ማን ያስብልኛል?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ቤት ያሳጣሁት እናንተን አይደለም። እሷንም ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቃትም። ነገ ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት፣ ቢሮው በር ላይ፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። ከዚያ ገብታ የራሷን ስም ከእኔ ስም ሥር ታንብበው።