ወጌሻው እጃቸውን የሰበሰቡበት ቀን

ሸዋሮቢት ሆስፒታል በነርስነት ተመድቤ የመጣሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር የመርፌ ትሪውን አስጨበጠችኝና፣ «መውጋቱን እጅሽ ይለምደዋል፤ ማስረዳቱ ነው የሚያደክምሽ» አለችኝ። ያን ቀን ያደከመኝ ሙቀቱ ነበር። አሁን ጡረታዬ ሲቃረብ ግን ልክ ነበረች እላለሁ። ደክሞኛል።

ሼህ ይማም ከማጀቴ በኩል የሚመጡ የማሾ ገበሬ ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው የታወቀው አጥንት ከደረሰ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት የወንዴ ሆርሞንን የሚያጠፋ መርፌ አዘዘላቸው። በየሦስት ወሩ የምወጋቸው እኔ ነኝ።

በሁለተኛው መርፌ ላባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ሲስተር፣ የሸዋሮቢት ሙቀት አልበቃ ብሎኝ ውስጤ ሌላ ሸዋሮቢት ነደደብኝ!» አሉ። ሳቅን። ከመርፌው የሚመጣ ነው አልኳቸው።

የማያስቀው ሌላ ነበር። ያ መርፌ ካንሰሩን ሲያስርብ አጥንትንም ያሳሳል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይዋጡ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ኩንታል አይሸከሙ፣ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ አይውጡ አልኳቸው።

«በረመዳንስ?»

«ኪኒኑን ለኢፍጣርና ለሱሁር ያድርጉት። ወገብዎን ካመመዎ ግን ወጌሻ እንዳይነካዎ፤ በቀጥታ ወደዚህ ይምጡ።»

«ወይ ጣጣ! ወጌሻው እኮ ወንድሜ ሰይድ ነው። በሱ እጅ ያልታሸ የአገራችን ሰው ማን አለ? እንቢ ካልኩት ይቀየመኛል።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ይዘዋቸው ይምጡ።»

ጋሽ ሰይድ መጡ፤ ጣታቸው ወፍራም፣ ፊታቸው የተኮሳተረ። «ሲስተር፣ አገሩ ሁሉ በኔ እጅ ነው ተጠግኖ የቆመው» አሉኝ። ወረፋው ከበር አልፏል፣ ታክቶኛል፣ ልተወው አሰኘኝ።

«ምስጥ የበላው ምሰሶ ያውቃሉ አይደል?» አልኳቸው። «ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ቢገፉት ይሰበራል። የወንድምዎ አጥንት አሁን እንደዚያ ነው። ወገባቸው ሲታሽ ተሰብሮ ነርቭ ከጎዳ እግራቸው ሽባ ሆኖ ይቀራል። ቆመው አይሰግዱም።»

ኮፊያቸውን አስተካክለው ወጡ። ተቀይመዋል ብዬ አዘንኩ።

በማሾ ለቀማ ሰሞን አንድ ፒክአፕ ግቢያችን ገባ። ሼህ ይማም ከኋላ ፍራሽ ላይ ተንጋለዋል። ማሾ ሊለቅሙ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸው ቀጥ አድርጎ ይዟቸዋል። ራጅ ተነሡ፤ አንዱ የወገብ አጥንት ተሰንጥቋል። እግራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ዶክተሩ እዚያው ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላቸው።

ጋሽ ሰይድን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ያለቅሳሉ።

«ወንድሜ ‹እሸኝ፣ በአላህ!› እያለ ሲጮህ እጄን ሰበሰብኩ። ጎረቤቱ ‹ለባዳ የሚዘረጋውን እጅ ለወንድሙ ነፈገ› አለኝ። የወንድሜ ሚስት ረገመችኝ። ልክ ሠራሁ ሲስተር?»

«ልክ ሠርተዋል ጋሼ። ያ እጅዎ ቢነካቸው ኖሮ እግራቸው ላይመለስ ይችል ነበር።»

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሼህ ይማም የጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰው ለቀጣዩ መርፌ ሲመጡ ከዘራ ይዘው ነው፤ ግን በእግራቸው። ካንሰሩ አሁንም አለ። ጋሽ ሰይድም ከጎናቸው አሉ።

ለአዳዲስ ነርሶች የምለው ይህን ነው፦ ይህን መርፌ ስትጀምሩ ስለ ኪኒኑ አስረዱ፤ ከዚያ የሰፈሩን ወጌሻ አስጠሩ።